መጋዝ ይበላል፣ መቀስ አይበላም፤ ታዲያ ጨርቁ የት ገባ?

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከራሳችን ስሕተት የተገኘ ነው።

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ወቅት አምስት ዕጩ መምህራን ሆነን ለ«ኦ» ክፍል ሕፃናት ከ1 እስከ 100 የሚቆጠርበት የጨርቅ ሰንጠረዥ ለመሥራት ተነሣን። ገንዘብ አዋጥተን ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ አቡጀዲ፣ ከነጩ ግማሽ ሜትር፣ ከሰማያዊው ግማሽ ሜትር፣ ለክፈፉም ባለ 4 ሜትር ሞራሌ ገዛን። ሐሳባችን ቀላል ነበር። ሞራሌው እኩል አራት ቦታ ይቆረጣል፤ ጨርቁም ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ 100 ቁራጭ ሆኖ ይገጣጠምና 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነውን ክፈፍ ይሸፍናል።

ውጤቱስ? አራተኛው እንጨት 9 ሚሊ ሜትር አጠረ። ጨርቁ ደግሞ ጎኑ 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ አረፈው! «አንተ ነህ ያበላሸኸው» መባባል ጀመርን። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

የመጋዝ ጥርሶች አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ጠመም ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ባይሆኑ መጋዙ እንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀር ነበር። በመሆኑም በሄደበት ሁሉ መንገድ ይጠርጋል፤ የጠረገውም ሰጋቱራ ይሆናል። የኛ መጋዝ በአንድ ቁርጥ 3 ሚሊ ሜትር ይበላል፤ በሦስት ቁርጥ 9 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። አንዱን ቆርጠን ሌላውን እየለካን ስለሄድን ዕዳው ሁሉ አራተኛው ላይ ወደቀ።

መቀስ ግን ክሩን ለያይቶ ያልፋል እንጂ ምንም አይበላም። ጨርቅ የሚጠፋው ሲቆረጥ ሳይሆን ሲሰፋ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በአራቱም ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ስፌቱ ስለሚገባ 10 የነበረው 8 ይሆናል። ከ10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚታየው 6,400 ብቻ ነው፤ ከመቶ 36 እጁ ተደበቀ ማለት ነው። ቁራጮቹ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ኖሮ የሚደበቀው ከመቶ 19 ብቻ በሆነ ነበር። በአሜሪካ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ የሚሰፉ ሰዎች ስፌቱን ወደ 6 ሚሊ ሜትር የሚያጠቡት ያለ ምክንያት አይደለም። (ለጋምቤላ ሙቀት ብርድ ልብስ ምን ያደርጋል እንዳትሉን እንጂ!)

ታዲያ የትኛው ይብሳል? በቁጥር ጨርቁ ይብሳል። ሆኖም ስፌቱ ቢተረተር ጨርቁ ይመለሳል፤ ደግሞም አጥብቆ የያዘው ያው የተደበቀው ነው። ሰጋቱራ ግን ተመልሶ እንጨት አይሆንም። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ 5 ሚሊ ሜትር በሚበላ መጋዝ ቢሰነጠቅ ከግንዱ አንድ አምስተኛው ያህል ሰጋቱራ ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የማጃንግ ደን የያዘ ክልል ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። ለእንጨት፣ በየቁርጡ የመጋዙን ስፋት እንደምር። ለጨርቅ፣ በየቁራጩ ርዝመትም ወርድም ላይ የስፌቱን እጥፍ እንደምር። ለኛ ሰንጠረዥ ባለ 12 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ፣ በጠቅላላው 1.44 ካሬ ሜትር ጨርቅ ያስፈልግ ነበር። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይባላል። እኛ ለክተን ነበር፤ መሣሪያው የሚወስደውን አልቆጠርንም እንጂ።

በመጨረሻ ክፈፉን ወደ 80 ሴንቲ ሜትር አሳጠርነው፤ ያጠረው አራተኛውም ከሌሎቹ እኩል ሆነ። ጉማጆቹ መቁጠሪያ ሆነዋል። ሕፃናቱ እስከ 100 ይቆጥሩበታል፤ 20 ሴንቲ ሜትር መጉደሉን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።