ሰው ማነጋገርም ሙያ ነው

የመጀመሪያው የኤቲኤም ማሽን እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሥራ ሲጀምር፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይነት ያበቃለት ይመስል ነበር። በአሜሪካ የታየው ግን ሌላ ነው። በየቅርንጫፉ የሚያስፈልጉት ከፋዮች ቢያንሱም፣ ቅርንጫፍ መክፈት ስለረከሰ ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን አበዙ፤ የከፋዮች ጠቅላላ ቁጥርም ለአሥርት ዓመታት አላሽቆለቆለም። (ኋላ በስልክ መክፈል ሲለመድ ቀንሷል።) የተለወጠው የሥራው ጠባይ ነው፤ ቆጠራው ለማሽን ተትቶ ደንበኛን ማዳመጥና ማስረዳት የሠራተኛው ድርሻ ሆነ።

በአገራችንም ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ገንዘብ በስልክ ይተላለፋል። ገንዘባቸውን ለተሳሳተ ቁጥር ልከው የደነገጡ አዛውንት ግን የሚሹት ረጋ ብሎ የሚያዳምጣቸውን ሰው ነው።

የምንደግፋቸው የቲም ልጆች ነገ ሥራ ሲፈልጉ የሚጠብቃቸው ይህ ነው፤ የኮምፒውተር ሥልጠና ብቻውን አይበቃቸውም። የቲም ልጅ ብዙ ጊዜ ተቀባይ ሆኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ያድጋል። ለጋሾች ሆይ፣ ልጁን ስትጎበኙ ስለ ትምህርቱ ራሱ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት፤ ቢንተባተብም ታገሡት። እናቶችና አሳዳጊዎችም ወደ ሱቅ ወይም ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት አብራችሁት ስትሄዱ፣ ጉዳዩን በራሱ አንደበት ይጨርስ።