ያለ ዋጋ የሚገኘው የጽሕፈት ቤት ሶፍትዌር ለነጋዴው ሥራ ይበቃልን?

በዛሬው ጊዜ ከትንሽ ሱቅ ጀምሮ እስከ ታላቅ አስመጪ ድርጅት ድረስ ደብዳቤ ሳይጽፍ፥ የዋጋ ማቅረቢያ ሳያዘጋጅ ወይም የዕቃውን ክምችት በሠንጠረዥ ሳይመዘግብ የሚውል የንግድ ቤት ጥቂት ነው። ለዚህም ሥራ ብዙው ሰው የለመደው የማይክሮሶፍት ኩባንያን ወርድና ኤክሴል ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ኪራይ፥ አለዚያም በአንድ ጊዜ ግዢ የሚገኙ ሲሆኑ፥ ዋጋቸው የሚታሰበው በውጭ ገንዘብ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ 57 ብር ያህል የነበረው የአሜሪካ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፥ ወጪው በብር ሲታሰብ እጅግ ከብዷል።

ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ ያለ ፈቃድ በተባዛ ቅጂ መጠቀምን ይመርጣል። ይህ ግን ሕግን ከመጣሱም ሌላ፥ በቅጂው ውስጥ ተሸሽጎ የሚገባ ቫይረስ የዓመቱን መዝገብ በአንድ ሌሊት ሊያጠፋ ስለሚችል፥ ትርፉ ጸጸት ነው።

ሌላው መንገድ ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ፕሮግራም ነው። መነሻው ስታር ዲቪዥን የተባለ የጀርመን ኩባንያ የሠራው ስታር ኦፊስ ነው። ኩባንያውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የገዛው ሰን ማይክሮሲስተምስ፥ በ2000 የፕሮግራሙን ምንጭ ለሁሉ ክፍት አደረገው። ከ2010 ጀምሮ ሥራውን የሚመራው መቀመጫው በርሊን የሆነው ዶክዩመንት ፋውንዴሽን ነው። ፕሮግራሙ ለንግድ ሥራ ቢውልም ክፍያ አይጠየቅበትም፤ በስንት ኮምፒዩተር ላይ ይጫን የሚል ገደብም የለበትም።

ስለ ችሎታው ቢጠየቅ፥ ራይተር የተባለው ክፍል ደብዳቤና ውል ይጽፋል፤ ካልክ የተባለው ደግሞ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል፥ በቀመር ያሰላል። አንዱ የካልክ ገጽ እንደ ኤክሴል ሁሉ 1,048,576 ረድፎች ይይዛል። የወርድንና የኤክሴልን ሰነድ ይከፍታል፤ በፒዲኤፍም ያስቀምጣል። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ያለ ችግር ይቀበላል። እንግዲህ ደብዳቤ፥ ፕሮፎርማ፥ የጭነት ዝርዝር፥ የደመወዝ ሠንጠረዥና የክምችት መዝገብ ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ይሁን እንጂ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። በኤክሴል ማክሮ የተሠሩ ሠንጠረዦች አንዳንዶቹ በካልክ አይሠሩም። በወርድ የተዘጋጀ የጨረታ ቅጽ በራይተር ሲከፈት መስመሩ ሊዛነፍ ይችላል፤ በተለይም የተጻፈበት ፊደል በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ከሌለ የአማርኛው ገጽ ይበተናል። ባንኮች የኤል ሲ ሰነዶችን በጥብቅ ስለሚመረምሩ፥ ያለቀ ሰነድ ሁልጊዜ በፒዲኤፍ ቢላክ ይመረጣል። ደግሞም በአንድ ሰነድ ላይ ብዙ ሠራተኞች በኢንተርኔት አብረው የሚጽፉበት ድርጅት፥ በኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው ሊብሬ ኦፊስ ብቻውን አይበቃውም።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ያስረዳል። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ 15,000 ያህል ኮምፒዩተሮቿን ወደ ነጻ ፕሮግራሞች ካዛወረች በኋላ በ2017 ወደ ቀድሞው ለመመለስ ወሰነች፤ ከተሰሙት ቅሬታዎች አንዱ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ሰነድ መለዋወጥ ማስቸገሩ ነበር። በዚያው አገር የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክፍለ ሀገር መንግሥት ደግሞ በ2024 ዓመት 30,000 ያህል ኮምፒዩተሮችን ወደ ሊብሬ ኦፊስ ለማዛወር መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ ጥያቄው የፕሮግራሙ ደግነት ብቻ ሳይሆን፥ ሰነዱ ከማን ጋር እንደሚለዋወጥ ጭምር ነው።

አስተዋይ ነጋዴ በወሬ ከመወሰን ይልቅ በገዛ ሰነዱ ቢፈትን ይበጀዋል። ሊብሬ ኦፊስን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከነባሩ ፕሮግራም ጎን ጭኖ፥ በየወሩ የሚሠራባቸውን ሰነዶች በቅጂ ከፍቶ ድምሩንና የገጹን አቀማመጥ ያመሳክር። ለሠራተኞቹም መልመጃ ጊዜ ይስጥ፤ ይህ ጊዜ ራሱ ወጪ መሆኑን አይዘንጋ። ማክሮ የማይለየው ሒሳብ ሠራተኛ ካለ፥ ለእርሱ ብቻ ፈቃድ ገዝቶ ሌሎቹን በነጻው ማሠራት ይቻላል። ከፈተና በኋላ በቂ ሆኖ ሳለ ለሁሉም መክፈል ግን፥ አበው እንዳሉት፥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።