ቍስል ሲቆጣ ነጭ የደም ሕዋሳት ኃይላቸውን ከየት ያገኛሉ?

እሾህ የወጋው ጣት ሳይታጠብና ሳይጸዳ ቢቀር፥ በማግሥቱ ቀልቶ፥ አብጦ፥ ግሎና እየጠዘጠዘ እንደሚገኝ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። ሴልሰስ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ በመጀመሪያው መቶ ዓመት እነዚህኑ አራት ምልክቶች፥ ማለት ቅላትን፥ እብጠትን፥ ትኩሳትንና ሕመምን በመጽሐፉ አስፍሯቸዋል። በሕክምና ቋንቋ ይህ ሁኔታ ብግነት ይባላል፤ ሕዝባችን ግን «ቍስሉ ተቆጣ» ይላል። እኛ የሕዝቡን አነጋገር እንወደዋለን። ቍጣ ኃይል የሚፈልግ ነገር ነውና፥ ያ ኃይል ከየት እንደሚመጣና ሰውነትን ምን እንደሚያስከፍለው መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ የሚቆጣው ማን እንደ ሆነ እንወቅ። በ1882 ዓ. ም. (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ኢልያ ሜችኒኮፍ የተባለው የሩስያ ተወላጅ ሊቅ በኢጣልያ አገር በመሲና ከተማ ተቀምጦ ሳለ፥ ሰውነቱ እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሎ የሚታይ አንድ የባሕር እንስሳ ጨቅላ ወስዶ የጽጌ ረዳ እሾህ ወጋው። በማግሥቱ በአጉሊ መነጽር ቢመለከት፥ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ከየአቅጣጫው መጥተው እሾሁን ከበውት አገኘ። ስለዚህም ሥራው በ1908 ዓ. ም. ከጳውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። በሰው ደም ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ከእነርሱም መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት ፈጥነው የሚደርሱ ሲሆኑ፥ የአጥንታችን መቅኔ በየቀኑ አንድ መቶ ቢሊዮን ያህል ይፈጥራል። ከእነርሱ ኋላ ማክሮፌጅ የሚባሉት ይበረታሉ፤ ትርጓሜውም «ትልቅ በላተኛ» ማለት ነው።

እንግዲህ ማንኛውም ሕዋስ ሥራውን ለማከናወን ኤ-ቲ-ፒ የተባለ ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል፤ ይህም ለሕዋሱ እንደ ገንዘብ ነው። ገንዘቡም ከስኳር በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው፥ ስኳሩ ያለ ኦክሲጅን በጥድፊያ ተሰብሮ ወደ ላክቲክ አሲድ የሚለወጥበት መንገድ ነው፤ ከአንድ የግሉኮስ ቅንጣትም 2 ኤ-ቲ-ፒ ብቻ ይገኝበታል። ሁለተኛው፥ ሃንስ ክሬብስ በ1937 ዓ. ም. የገለጸውን ዑደት ተከትሎ፥ ሚቶኮንድሪያ በተባሉት የሕዋስ ክፍሎች ውስጥ ስኳሩ በኦክሲጅን ፈጽሞ የሚቃጠልበት መንገድ ነው፤ ከዚያችው ቅንጣት 30 ያህል ኤ-ቲ-ፒ ይገኛል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ የማድ ቤቱን እሳት ምሳሌ ቢያደርጉት መልካም ነው። ወጥ ለማንተክተክ የሚፈልግ ሰው ከሰል ወይም የግንድ ፍም ያዘጋጃል፤ ቀስ ብሎ ብዙ ሰዓት ይቆያልና። እንጀራ የምትጋግር ሴት ግን ምጣዷ ወዲያው እንዲግል ስለምትሻ ጭራሮ ትማግዳለች። ጭራሮው ቶሎ ያልቃል፥ ማገዶውም ብዙ ይፈጃል፤ ነገር ግን ነበልባሉ በሚፈለግበት ጊዜ ይገኛል።

የተቆጣ ነጭ የደም ሕዋስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰላም ሳለ በፍሙ የሚኖረው ማክሮፌጅ፥ የባክቴሪያ ምልክት በደረሰው ጊዜ ከደም የሚቀበለውን ስኳር አብዝቶ ወደ ጭራሮው መንገድ ይዞራል። ለዚህም አንዱ ምክንያት በግልጽ የሚታይ ነው፤ ባበጠው ሥፍራ የደም ዝውውር ስለሚታወክና ተሐዋስያኑም ራሳቸው ስለሚተነፍሱ ኦክሲጅን ያንሳል። ኒውትሮፊሎች ከጥንቱም ሚቶኮንድሪያቸው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ወደዚህ አየር አልባ ሥፍራ ሲዘምቱ ግላይኮጅን የተባለውን የስኳር ስንቅ በሆዳቸው ይዘው ይሄዳሉ።

ዳሩ ግን ነገሩ በአየር ማጠር ብቻ የሚፈታ አይደለም። ኦክሲጅን ሞልቶ ሳለም እንኳ ማክሮፌጁ ጭራሮውን መማገድ አይተውም። በ1920ዎቹ ዓመታት ጀርመናዊው ኦቶ ዋርቡርግ ይህን የመሰለ ጠባይ በነቀርሳ ሕዋሳት ላይ አይቶ ነበር። በማክሮፌጅ ዘንድ የክሬብስ ዑደት በሁለት ቦታ እንደሚቋረጥ በዘመናችን ታውቋል፤ በተቋረጠበትም ቦታ ሱክሲኔት የተባለው ንጥረ ነገር ይከማቻል። በ1913 ሳይሆን ገና በቅርቡ፥ በ2013 ዓ. ም. በአይጥ ማክሮፌጆች ላይ የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ ይህ ክምችት ለሕዋሱ «አየር አጥሯል» የሚል ሐሰተኛ ወሬ የሚያደርስ ይመስል፥ የአየር እጥረትን የሚቆጣጠረውን ፕሮቲን ያነቃዋል። ከዚህም የተነሣ ኢንተርሊውኪን-1 ቤታ የተባለው መልእክተኛ በብዛት ይሠራል፤ ይህም መልእክተኛ ወደ አንጎል ደርሶ ትኩሳትን ከሚቀሰቅሱት አንዱ ነው። የማገዶው ለውጥ ራሱ የቍጣ ትእዛዝ ሆነ ማለት ነው። ከዚያው ዑደት ደግሞ ኢታኮኔት የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይወጣል፤ ይህ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን እድገት ሲያግድ፥ የሕዋሱንም ቍጣ መልሶ ያበርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ባልድሪጅና ጄራርድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1933 ዓ. ም. ነጭ ሕዋሳት ባክቴሪያ በሚውጡበት ጊዜ የሚወስዱት ኦክሲጅን በድንገት እንደሚጨምር አስተዋሉ። ሕዋሱ በጭራሮው የሚኖር ከሆነ ይህ ሁሉ ኦክሲጅን ለምን አስፈለገው? መልሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ተገኘ። ስባራና ካርኖቭስኪ በ1959 ዓ. ም. እንዳሳዩት፥ የመተንፈሻው መንገድ በመርዝ ቢዘጋ ሕዋሱ መዋጡን አይተውም፤ የስኳሩ ስብራት ቢታገድ ግን መዋጡ ይቆማል። ኦክሲጅኑ ለምግብ ሳይሆን ለጦር መሣሪያ ነው፤ ሕዋሱ ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ወደ መሰሎቹ ለውጦ የዋጠውን ተሐዋስያን ይገድልበታል። ይህን መሣሪያ መሥራት የማይችሉ ሆነው የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ ነጭ ሕዋሳታቸው ባክቴሪያውን ይውጣሉ፥ ብዙውን ግን ሊገድሉት አይችሉም፤ ስለዚህ በየጊዜው በከባድ መግል ይሠቃያሉ። የመግልን ነገር ካነሣን ዘንድ፥ አረንጓዴ መልኩ የሚመጣው ከቆሻሻ ሳይሆን ኒውትሮፊሎች ለዚሁ ሥራ ከሚይዙት አረንጓዴ ኤንዛይም ነው።

ጠላት ከጠፋ በኋላ ጥገና ይከተላል። የሚጠግኑት ማክሮፌጆች ወደ ፍሙ ይመለሳሉ፤ ስብም ጭምር በኦክሲጅን ያቃጥላሉ። ይህ መመለስ ሳይሆን ሲቀርና ቍጣው ለዓመታት ሲጤስ፥ የመገጣጠሚያና የደም ሥር በሽታዎችን ያባብሳል።

አሁን ወደ በሽተኛው አልጋ እንቅረብ። ሕዋሳቱ የሚማግዱት ጭራሮ ከሰውነት ሁሉ የሚሰበሰብ ነው። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቍጥር የሚጠፋው ኃይል ከመቶ ከ10 እስከ 13 ያህል ይጨምራል፤ ትኩሳቱ 40 ዲግሪ የደረሰ ሰው እንግዲህ ተኝቶ ሳለ እንኳ ከወትሮው ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያወጣል። በዚያው ጊዜ እነዚሁ የቍጣ መልእክተኞች የምግብ ፍላጎቱን ይዘጉታል። ስለዚህ ጉበት ከጡንቻ የሚመጣውን ፕሮቲን እያፈረሰ ስኳር ይሠራል። የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ክንዱና ጭኑ የሚሟሽሸው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ጡንቻው ከመጀመሪያውም የሳሳ ሕፃን በኩፍኝ ወይም በሳንባ ምች ሲያዝ ደግሞ የሚማግደው ብዙ የለውም።

ከዚህ ተነሥቶ ለበሽተኛ ስኳር በገፍ መስጠት ይገባል ብሎ የሚያስብ ቢኖር፥ አሳቡ ትክክል አይደለም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሳለ ኒውትሮፊሎቹ ይደክማሉ፥ ቍስሉም ለመዳን ይዘገያል። የሚያስፈልገው የተሟላ ምግብ ነው፤ እህሉ ከጥራጥሬ፥ ከወተት ወይም ከእንቁላል ጋር፥ በጥቂት በጥቂቱና ቶሎ ቶሎ። የታመመ ሕፃን ጡት አይከልከል፤ እንዲያውም አዘውትሮ ይጥባ። ምግብ የጀመረ ሕፃን ከሆነም፥ ትኩሳቱ ለቆት መጫወት ከጀመረ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ከተለመደው ገበታ ሌላ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይብላ፤ የተማገደው ጡንቻ የሚተካው በእነዚህ ቀኖች ነውና።