ከሲሚንቶ የተፈታው ወንዝ

ካላንግ ከሲንጋፖር ወንዞች ሁሉ ረጅሙ ነው ቢባልም፣ ከሚነሣበት ከታችኛው ፒርስ የውኃ ማጠራቀሚያ እስከሚገባበት እስከ ማሪና 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚጓዝ በመሆኑ፣ የዓባይን ሸለቆ አይቶ ላደገ ሰው ወንዝ ከማለት ጅረት ማለቱ ይቀለዋል። ሆኖም ይህ ትንሽ ፈሳሽ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ረክሶም፣ ታስሮም፣ ነጽቶም፣ ተፈትቶም የታየ ስለሆነ፣ ከእርሱ እጅግ የሚረዝሙ አፍላግ የሌላቸው ታሪክ አለው።

ከምድር ወገብ አጠገብ በምትገኘው በዚያች ደሴት በዓመት ከ2 ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም ይወርዳል። ክረምትና በጋ እንደኛ አገር ተለይተው የሚታወቁበት ምድር አይደለምና፣ ጥርት ብሎ የዋለው ሰማይ ከቀትር በኋላ ድንገት ጠቁሮ የወረደው ዶፍ ቆላውን ሰፈር ያጥለቀልቀው ነበር። ስለዚህ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መሐንዲሶቹ ወንዞቹን እያቀኑ በሲሚንቶ ቦይ ውስጥ አስገቧቸው። በእነዚህ ሰዎች መፍረድ አይገባም፤ የቀረበላቸው ጥያቄ አንድ ብቻ፣ ይኸውም ውኃው ከከተማ እንዴት ፈጥኖ ይውጣ የሚል ነበርና፣ ለእርሱም የሰጡት መልስ ትክክለኛ ነው። ያልተጠየቁት ግን በዚያ ውኃ ውስጥና ዳር ስለሚኖረው ፍጥረት ነው።

ለስላሳ የሲሚንቶ ወለል ላይ ጭቃ አይረጋም፤ ጭቃ በሌለበት ሥር አይያዝም፤ ሥርና ድንጋይ በሌለበትም ውኃው ሁሉ በአንድ ፍጥነት ስለሚሮጥ፣ እንቁራሪት እንቁላሏን የምታኖርበት፣ ጫጩት ዓሣም ከደራሽ ውኃ የሚጠለልበት ጥግ አይገኝም። የቦዩ ግንብ እንደ ቤት ግድግዳ ቀጥ ያለ በመሆኑ፣ የወደቀ እንስሳ መውጫ አልነበረውም። በ1988 የተከፈተው የቢሻን መናፈሻም ካላንግ ከሚያልፍበት ቦይ ጎን ተቀምጦ ሳለ ጀርባውን ሰጥቶት ይኖር ነበር፤ በመካከላቸውም አጥር ቆሞ ነበር።

ውኃው ራሱ ቀድሞ የነጻው በሌላ ዘመቻ ነው። በ1977 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ኳን ዩ የሲንጋፖርንና የካላንግን ወንዞች በ10 ዓመት ውስጥ አጽዱ ብለው ባዘዙት መሠረት፣ በዳርቻው የነበሩት የአሳማና የዳክዬ ማርቢያዎች ተነሥተው፣ በ1987 ሥራው ተፈጸመ። እንዲህም ሆኖ መኝታው ሲሚንቶ እንደ ሆነ ቀረ፤ ውኃው ጠራ እንጂ ቦዩ ለፍጥረት ማደሪያ አልሆነም።

መንግሥት በ2006 ቦዮችንና ማጠራቀሚያዎችን ለሕዝብ መዝናኛ የሚያበቃ ዕቅድ ባወጣ ጊዜ፣ የቢሻን ቦይ አርጅቶ፣ የጎርፉንም መጠን መሸከም አቅቶት፣ በማናቸውም መንገድ መታደሱ የማይቀር ነበር። የውኃውና የመናፈሻው መሥሪያ ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ያስተዳድሩት የነበረውን መሬት አንድ አድርገው፣ ድራይዛይትል ከተባሉ የጀርመን የመልክዐ ምድር ነዳፊዎች ጋር በ2009 ሥራ ጀመሩ፤ በመጋቢት 2012ም አስመረቁ። 2.7 ኪሎ ሜትር የነበረው ቀጥ ያለ ቦይ እየተጠማዘዘ 3.2 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ወንዝ ሆነ። የፈረሰውንም ሲሚንቶ አርቀው አልጣሉትም፤ በመናፈሻው ውስጥ ከምረው ኮረብታ አደረጉትና፣ ዛሬ ጎብኚው በቀድሞው ግድግዳ ላይ ቆሞ ወንዙን ቁልቁል ያያል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የወንዙ ዳር የተያዘበት ጥበብ ነው። ግንብ ከሌለ አፈሩን ምን ይይዘዋል? ብለው የሰጉት መሐንዲሶች፣ ዋናውን ወንዝ ከመንካታቸው በፊት በአንዲት 60 ሜትር በምትሆን የጎን ቦይ ላይ 10 ዓይነት ዘዴ ሞክረው፣ 7ቱን መረጡ። በአንዱ ስፍራ እርጥብ ቅርንጫፍ ቈርጠው፣ እንደ እስር እንጨት አስረው፣ በዳገቱ አግድም ቀብረው በችካል ይቸነክሩታል፤ በሌላው አፈሩን በጨርቅ እየጠቀለሉ እንደ እርከን ይደራርቡና በየመካከሉ ቅርንጫፍ ያስገባሉ፤ ውኃው በሚበረታበትም ዘንድ የእኛ አገር መንገድ ሠሪዎች ጋቢዮን የሚሉትን በድንጋይ የተሞላ የሽቦ ቅርጫት አኑረው በላዩ ተክል ይተክላሉ። ቅርንጫፉ ሥር ሰድዶ ሲያቈጠቍጥ፣ ችካሉና ጨርቁ ቢበሰብስ እንኳ አፈሩን ሥሩ ይዞታል፤ ሲሚንቶ በዕድሜው ሲደክም፣ ይህ ግን በዕድሜው ይጠነክራል። ዘዴው በሳይንስ ስም ታላቅ ማዕርግ ተሰጥቶታል፤ ቅንጭብ ቈርጦ አጥሩን የሚተክል የእኛ ገበሬ ግን ምሥጢሩን ቢነግሩት ብዙ የሚገረም አይመስለኝም።

በጎርፍም ረገድ የተገኘው ከተፈራው ተቃራኒ ነው። የቀድሞው ቦይ በሰፊው ቦታ 24 ሜትር ያህል ሲሆን፣ አዲሱ ወንዝ ዝናም በሌለበት ቀን ሕፃን የሚሻገረው ቀጭን ጅረት ሆኖ ይቆይና፣ ዶፍ ሲወርድ በሁለቱ ወገን ባለው መስክ ላይ ተኝቶ እስከ 100 ሜትር ይሰፋል፤ የሚያሳልፈውም ውኃ ከቦዩ በ40 በመቶ ይበልጣል። ዳሩ ለጥ ያለ ስለሆነ፣ ውኃው ቀስ እያለ ከእግር ሥር ሲመጣ ሰው ወደ ዳገቱ ተራምዶ መውጣት ይችላል። ለቸልተኛው ደግሞ የውኃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ፣ የሚበራ መብራትና የሚጮህ ደወል ተተክሎለታል።

ወደዚህ ስፍራ አንድም አውሬ በሰው እጅ አልመጣም። ቤቱ ተሠራ እንጂ እንግዳ አልተጠራም፤ ነገር ግን 59 ዓይነት አዕዋፍና 22 ዓይነት ክንፋቸው እንደ መስታወት የሚያሳይ የውኃ ተርቦች ተቈጠሩበት። በ2014ም ኦተሮች መጡ። ኦተር ጠጕሩ የሚያንጸባርቅ፣ ጣቶቹ በስስ ቆዳ የተያያዙ፣ ጅራቱ ጠፍጠፍ ያለ ዓሣ በል እንስሳ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ከደሴቲቱ ጠፍቶ ከቈየ በኋላ በ1998 በሰሜኑ ጠረፍ እንደ ገና ታይቶ ነበር። ቤተ ሰቡ ሁሉ አንድ ላይ ያድናል፤ በሰልፍ ሆነው ዓሣውን ወደ ዳር ይነዱና፣ የያዘው በፊት እግሮቹ ጨብጦ ከራሱ ይጀምራል፤ አጥንቱም ሲደቅ ከድልድይ ላይ ለቆመ ሰው ይሰማል። ግልገሎቹ ሲወለዱ ዋና አያውቁም። ውኃ ፈርተው እየጮኹ ወደ ጉድጓዳቸው ሲሸሹ እናቲቱ ማጅራታቸውን ነክሳ እየጐተተች ትነክራቸዋለች፤ ይህን ለማየትም የከተማው ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ ካሜራውን ይዞ ይሰለፋል።

ሁሉም ግን አልተደሰተም። ኦተር የወንዝን ዓሣ ከግቢ ዓሣ የሚለይበት ሕግ የለውምና፣ በየቪላው ኩሬ ለጌጥ የሚረቡትን፣ አንዳንዶቹ እጅግ ውድ የሆኑትን የኮይ ዓሦች በአንድ ሌሊት ጠርጎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ባለ ቤቶቹ አቤቱታ አቀረቡ፤ የተሰጣቸውም ምክር ኩሬያችሁን እጠሩ የሚል ነው። ስለዚህ ከካላንግ ዳር የተነሣው አጥር፣ አሁን በየባለጸጋው ግቢ በኩሬው ዙሪያ ቆሞ ይታያል።