የእህልና የጌሾ ዋጋ በጠላ ጠማቂዎች ላይ የሚያስከትለው ችግር

ጠላ የሚጠመቀው ከገብስ ወይም ከሌላ እህል፣ ከብቅል፣ ከጌሾና ከውኃ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በፋብሪካ ቢራ ላይ ታክስ የሚጥል ሲሆን፣ ታክሱ በዋጋው ተጨምሮ ጠጪው ይከፍለዋል። ቢራ ሲወደድም አንዳንዱ ጠጪ ወደ ጠላ ያዘነብላል። ይሁን እንጂ የደንበኛ መብዛት ብቻውን ለጠማቂዋ ትርፍ አይሆንም።

ለምሳሌ ያህል፣ 60 ሊትር ጠላ ለመጥመቅ 1,500 ብር ቢወጣ አንዱ ሊትር 25 ብር ይፈጃል። በ30 ብር ብትሸጠው በሊትር 5 ብር ታገኛለች። እህል፣ ጌሾና ማገዶ ተወድደው ወጪው 1,800 ብር ቢደርስ ግን ድካሟ በከንቱ ይቀራል። ውኃ አብዝታ ብታቀጥነው ደግሞ ደንበኛ ይሸሻል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን፦

1. የኅብረት ሥራ ማኅበራት እህል በአጨዳ ወቅት፣ ዋጋው ዝቅ ሲል፣ በጋራ ገዝተው ያከማቹ።
2. ብቅል ከማብቀል በፊት 100 ፍሬ አርጥቦ ስንቱ እንደበቀለ መቁጠር ያስፈልጋል። ነቀዝ የበላው እህል በደንብ አይበቅልም።
3. የተባይ መድኃኒት የነካው እህል ለጠላ ፈጽሞ አይዋል።
4. ጌሾ በጓሮ ይተከል፤ ቅጠሉም በሚገባ ደርቆ እርጥበት በሌለበት ቦታ ይቀመጥ።

የልማት ሠራተኞች ጠማቂዎች ዋጋ ከመቁረጣቸው በፊት የማገዶውንና የጉልበታቸውን ዋጋ ጭምር እንዲያሰሉ ሊያስተምሩ ይገባል።