አሰልጣኙ ሲሄድ የቀረው ሰው ምን ይበል?

ኤቨረት ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው የቦይንግ ፋብሪካ ነው። በ2012 አየር መንገዳችን የተረከበው የመጀመሪያው ድሪምላይነር የተገጣጠመውም እዚሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከፋብሪካው ራቅ ብላ ግን ለእኛ ለሐበሾች ከቦይንግ የማታንስ አንዲት ቡና ቤት አለች። እሑድ እሑድ እዚያ እንሰበሰባለን። ወሬያችን ከሁለት ነገር አይወጣም፤ አገር ቤትና ኳስ። አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

በ2018 ክረምቱ ሊገባ ሲል የሆነው እንዲህ ነው። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ የጅማ ሰው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጠቁሯል። ሰው የሞተባቸው መስሎኝ ደንግጬ ጠጋ አልኩ።

«ደህና ነዎት ጋሼ?»

«ወሰዱት» አሉኝ።

«ማንን?»

«ገብረመድኅንን ነዋ!»

የጋሼን ኀዘን ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ዓመት ማስታወስ ያስፈልጋል። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2017/18 ውድድር፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ ዋንጫውን በግብ ልዩነት ወሰደ። ዋንጫን እንደ ርስቱ የሚቆጥረውን ጊዮርጊስን አዲስ መጥ ቡድን ነጠቀው ማለት ነው። ያን ቡድን የመራው አሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ ነበር። የድሉ ደስታ ሳይበርድ አሰልጣኙ ወደ መቀሌ 70 እንደርታ አመራ።

«ዋንጫ ይዞልን ሲመጣ አባታችን አልነው። ለሰው ሞት አነሰው!» አሉ ጋሼ።

አጠገባችን የሲያትል ሳውንደርስን አረንጓዴ ማሊያ የለበሰ፣ እዚሁ ያደገ ወጣት ነበር። ከት ብሎ ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ ገና ትናንት ነው የደረሰብዎት። እኛ ቆይቶብናል» አለ። ከዚያም የሲጊ ሽሚድን ነገር ጀመረ።

ሽሚድ በጀርመን አገር ተወልዶ በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ካሊፎርኒያ የመጣ፣ እንደኛው ስደተኛ ነው። ከ2009 ጀምሮ ሳውንደርስን ሰባት ዓመት ተኩል አሰለጠነ። የአሜሪካን ኦፕን ካፕ አራት ጊዜ አሸነፈ፤ በ2014 ደግሞ በመደበኛው ውድድር ቀዳሚ ለሚሆነው ክለብ የሚሰጠውን ጋሻ አመጣ። ትልቁ ዋንጫ ግን እንደራቀው ቀረ። በሐምሌ 2016 ቡድኑ ከ20 ጨዋታ 12ቱን ተሸንፎ ሲንኮታኮት ተሰናበተ። ምክትሉ የነበረው ብራያን ሽሜትዘር ቦታውን ይዞ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቶሮንቶ ውስጥ በፍጹም ቅጣት ምት ዋንጫውን አነሣ። አንዱ የዘራውን ሌላው አጨደው።

በዓመቱ፣ በሐምሌ 2017፣ ሽሚድ ወደ ሎስ አንጀለስ ጋላክሲ ሄደ። ጋላክሲ ያን ጊዜ የአምስት ዋንጫ ባለቤት ነበር። ከአምስቱ የ2002ቱን ያመጣው ራሱ ሽሚድ ቢሆንም፣ በ2004 ከዚያም ተባሮ ነበር። በተሾመ በሁለተኛው ቀን የገጠመው ማንን መሰላችሁ? ሲያትልን! ዜሮ ለዜሮ ተለያዩ።

«በነሐሴ 2018 ግን እዚሁ ሲያትል መጣልን» አለ ወጣቱ እጁን እያፋጨ። «አምስት ለዜሮ! ስታዲየም ነበርኩ። በየጎሉ ወደ እሱ ዞሬ ነው የጮህኩት። እንዲሰማው ብዬ።»

ጋሼ ፊታቸው ፈታ አለ። የልባቸውን የሚያውቅ ሰው አገኙ።

ይህን ጊዜ ቡናውን የምትቀዳው እቴቴ ሲኒውን ይዛ ቆመች። ስለ ኳስ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። «ለመሆኑ እናንተስ ሰውየውን ከማን ወሰዳችሁት?» አለችው።

ወጣቱ አንገቱን ሰበረ። «ከኮለምበስ» አለ ቀስ ብሎ።

እውነቷን ነው። ሽሚድ በኅዳር 2008 ኮለምበስ ክሩን ሻምፒዮን አደረገ። ወር ሳይሞላው በታኅሣሥ የሲያትል አሰልጣኝ ሆነ። የሲያትል ሰው ሆ ብሎ ሲቀበለው፣ ኦሃዮ ውስጥ እንደ ጋሼ ፊቱ የጠቆረ ሰው አይጠፋም ነበር። የሚመጣልን ሰው ጥበበኛ፣ የሚሄድብን ሰው ከሐዲ! ሚዛናችን እንዲህ ናት።

እኔ በበኩሌ ነገሩን ከኑሮ አንጻር እንየው እላለሁ። አገር ቤት አብዛኛው ክለብ የሚተዳደረው ከከተማና ከክልል በጀት በሚወጣ ገንዘብ ነው። የአሰልጣኝ ውል አጭር ነው፤ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ ደጋፊው «ውጣልን!» ይለዋል። ሲሸነፍ ለማባረር አንድ ቀን የማይታገሠው ሕዝብ ሲያሸንፍ ዕድሜ ልክ እንዲቀመጥለት ይፈልጋል። ታማኝነት ከአንድ ወገን ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ታማኝነት መሆኑ ይቀርና ዕዳ ይሆናል።

የሲያትል ሰዎች በዚህ ረገድ አንድ ነገር ያስተምሩናል። የክለቡ አባል የሆኑ ደጋፊዎች በየአራት ዓመቱ ዋና ሥራ አስኪያጁ ይቆይ ወይስ ይሂድ ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። በ2012 እና በ2018 ሰጥተዋል። የቡናም የጊዮርጊስም ደጋፊ እንዲህ ያለ የድምፅ ካርድ ቢያገኝ ምን ያህል ጩኸት ይቀንስ ነበር!

ይህን ሁሉ ለጋሼ አስረዳሁ። አዳምጠውኝ ሲያበቁ «አንተ ልጅ፣ የተማርክ ነህ፤ የተናገርከው ልክ ነው። ግን ይኼ ሁሉ የሄደ ሰው ንግግር ነው። የቀረ ሰው እንዲህ አይናገርም» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ስለ አሰልጣኝ እያወራን መስሎኝ ስለ ራሴ ኖሯል የማወራው። እኔም አንድ ቀን ከአንዲት ትንሽ የጋዜጣ ክፍል «ለትምህርት ነው፤ እመለሳለሁ» ብዬ ወጥቻለሁ። ዲግሪውን ያዝኩ፤ አልተመለስኩም። ያን ጊዜ የጻፍኩላቸው ባልደረቦቼ ግማሾቹ አልመለሱልኝም። ዓመታት ሙሉ ቂም ይዣቸው ኖሬአለሁ። ለካ ደብዳቤዬ በሙሉ ለምን እንደሄድኩ የሚያስረዳ እንጂ «እናንተስ እንዴት ናችሁ?» የሚል አልነበረም።

በዚያው ዓመት በፈረንጆች ገና ዕለት ሲጊ ሽሚድ በ65 ዓመቱ አረፈ። ከጋላክሲ የለቀቀው በመስከረም ነበር። በተከታዩ እሑድ ወጣቱ ማሊያውን ሳይለብስ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «ያን ቀን ማጨብጨብ እችል ነበር። ለካ የመጨረሻው ኖሯል» አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ጋሼ ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ገብረመድኅን በ2018/19 መቀሌን ሻምፒዮን አደረገ፤ ፋሲል ከነማ ሁለተኛ ወጣ። በሁለት ዓመት፣ በሁለት ከተማ፣ ሁለት ዋንጫ። ቀጥሎ ኮሮና ሊጉን ዘጋው። በኅዳር 2020 ደግሞ ጦርነቱ መጣና የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ጠፉ፤ የተመለሱት በ2024/25 ነው። ሰው በረገፈበት ዘመን የኳስ ኀዘን ኀዘን አይባልም፤ ይሁን እንጂ የመቀሌ ደጋፊ ሻምፒዮን ቡድኑን እንደያዘ ጨዋታ የሚያይበት ሜዳ አጣ። ጅማ አባ ጅፋርም በ2022 ከሊጉ ወረደ። ትልቅ የተባለውም ትንሽ የተባለውም ቤቱ ጭር አለ።

በ2023 ገብረመድኅን የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆኖ ሲሾም ወሬውን ለጋሼ ያደረስኩት እኔ ነበርኩ። የድሮው ነገር እንዳይቀሰቀስ ፈራ ተባ እያልኩ ነው የነገርኳቸው። ሲኒውን አስቀመጡና ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የእኛ ሰው ነው!» አሉ። «ጅማ ነው ዋንጫ ያነሣው!»

እቴቴ ከጀበናው ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች።

እኔም ማታ ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁና ከእነዚያ ካልመለሱልኝ ባልደረቦቼ ለአንዱ ጻፍኩለት። ለምን እንደሄድኩ አንድም ቃል አላነሣሁም። እሱ እንዴት እንደሆነ ብቻ ጠየቅሁት።