ነጭ ጋዝን ከቤንዚን ጋር ለምን አንቀላቅልም?

በአቃቂ ቃሊቲ መንገድ ዳር ቆመን ብናይ፣ ከጅቡቲ ተነሥተው በአዳማ በኩል ነዳጅ የሚያመጡ ቦቴዎች ሲያልፉ እናያለን። ቤንዚን፣ ናፍጣና ነጭ ጋዝ ሁሉም ፈሳሽ ናቸው፤ ሁሉም ይነዳሉ። ታዲያ ነጭ ጋዙ ሲያልቅብን ትንሽ ቤንዚን ብንጨምርበት ምን አለበት? ብዙ ጣጣ አለበት። ምክንያቱን እንመልከት።

ፈሳሽ ነገር ሳይፈላም ቢሆን ይተናል። እርጥብ ልብስ ገመድ ላይ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ፈሳሹ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሲሆን ግን ተኑ መውጫ ያጣና ዕቃውን ከውስጥ ይገፋል። ይህ የተን ግፊት ይባላል። ፀሐይ ላይ የዋለ የቤንዚን ጀሪካን የሚነፋው በዚህ ግፊት ነው። ነጭ ጋዝ ግን ቶሎ አይተንም፤ ግፊቱም አነስተኛ ነው።

ሁለቱ ሲቀላቀሉስ? ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፍራንሷ ማሪ ራውል በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ በድብልቅ ውስጥ እያንዳንዱ ፈሳሽ የሚሰጠው ግፊት እንደ ድርሻው ነው። ድርሻው የሚቆጠረው በሊትር ሳይሆን በሞለኪውል ነው። ሕጉ በደንብ የሚሠራው ጠባያቸው ለሚመሳሰል ፈሳሾች ነው። ቤንዚንና ነጭ ጋዝም ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጡ ዘመዳሞች ናቸው።

እስቲ እናስላው። ለምሳሌ የቤንዚን ግፊት 100፣ የነጭ ጋዝ 1 ነው እንበል። ከ100 ሞለኪውል 10ሩ ቤንዚን ቢሆን፣ ከቤንዚኑ 10፣ ከነጭ ጋዙ 0.9፣ በድምሩ 10.9 ይሆናል። ግፊቱ 11 እጥፍ ያህል ሆነ ማለት ነው! ፈሳሹ አብዛኛው ነጭ ጋዝ ሆኖ ሳለ፣ ተኑ ግን ከ10 እጅ 9 እጁ ቤንዚን ነው።

እሳት የሚይዘው ደግሞ ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው። ንጹሕ ነጭ ጋዝ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካልሞቀ በቀላሉ የሚቀጣጠል ተን አያወጣም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ ያወጣል። ተኑም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ራቅ ብሎ ያለ እሳት ይደርስበታል። ቅልቅሉ ምድጃ ወይም ኩራዝ ውስጥ ሲገባ ሊፈነዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። «ትንሽ ጠብታ ምን ታደርጋለች?» የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም።

ስለዚህ ቤንዚን በነበረበት ጀሪካን ነጭ ጋዝ አንግዛ። ምድጃው እየነደደ አንጨምር። ቅልቅል ነው ብለን ከጠረጠርን ክብሪት ጭረን አንሞክረው፤ ጨርሶ አንጠቀምበት። ይህን ያነበብን ሁሉ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችን እንንገር።